ሻለቃ በሰዓት መብላት የጀመረ ሰሞን

ይህ ጽሑፍ ስለ ድመት ነው። "ድመት ያሉት ማንን ነው?" ብላችሁ ሰምና ወርቅ ፍለጋ የገባችሁ ወዳጆቻችን አትድከሙ፤ ወርቅ የለውም። ድመት ስንል ድመት ማለታችን ነው፤ አራት እግር፣ አንድ ጭራ፣ ብዙ ኩራት።

እኛ ሦስት ነን። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኪራይ ተጋርተን እንኖራለን። ድመቶቹ ሁለት ናቸው፤ ሻለቃና ሚጢጢ። ሻለቃን ያመጣነው ለአይጥ ነበር። አይጦቹ ሽታውን ሰምተው ነው መሰለን በሳምንቱ ቤቱን ለቀው ሄዱ፤ እሱ ግን ጡረታ ወጥቶ እኛው ጋ ቀረ። ሚጢጢን ደግሞ ክረምት ላይ ደረጃ ሥር በስብሳ አገኘናት።

አበላላችን ቀላል ነበር። ኩሽና ጥግ አንድ ሰፊ ሳህን አለ፤ ባዶ ሆኖ ያገኘው ሰው ይሞላዋል። ደመወዝ ሰሞን ከሱፐርማርኬት በከረጢት የሚገዛውን ደረቅ የድመት ምግብ፣ ወሩ ሲጋመስ ከሥጋ ቤት ሳንባ፣ እሱም ሲጠፋ እንጀራ በወጥ ፈትፍተን፣ ከጎኑ ወተት። እንግዳ ሳይቀር "ውሮ፣ ውሮ" እያለ ይጨምርበታል። የተራበ ፍጡር ፊት ሳህን ባዶ ማስቀመጥ ነውር ነው ተብለን ያደግን ልጆች ስለሆንን ደግነት ይመስለን ነበር።

በዓመቱ ሻለቃ ሶፋ ላይ መዝለል አቃተው። ይሞክራል፣ ግማሽ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ "ድሮም አልፈለግኩትም" እንደሚል ሰው ምንጣፉ ላይ ይተኛል። ክብደቱን ለማወቅ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ጋ ወሰድነው። አንዳችን ሻለቃን ታቅፎ ወጣ፤ ከዚያ ብቻውን ወጣ፤ ቀነስን። ሰባት ኪሎ! ልጁ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀን። ተከራክረን ተሸነፍን።

ቢሾፍቱ የተማረ የእንስሳት ሐኪም ጓደኛ አለን። ቤት ጠራነው። የሻለቃን ጎን ዳበስ ዳበስ አደረገና "የጎድን አጥንቱ የት ሄደ?" አለን። አብዛኛው ያደገ የቤት ድመት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ነው። ከዚያ ሳህኑ ውስጥ ያለውን አይቶ ትምህርት ጀመረ። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ካላገኘች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል፤ እንጀራ ደግሞ ይህን አይሰጣትም። ወጡ የባሰ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ወተቱም ብዙዎቹን ያደጉ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ሳንባው ቢቀቀልም ብቻውን ምግብ አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ በፍቅር ስንጎዳቸው ከርመናል ማለት ነው።

"ሳህኑን አንሱት" አለን። "ግን በአንድ ቀን እንዳይሆን።" ወፍራም ድመት ድንገት ምግብ ካቆመ፣ ከአንድ ቀን ያለፈ ጾም እንኳ ያሰጋዋል፤ የሰውነቱ ስብ ጉበቱ ላይ ተከማችቶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ሥራው ማስራብ ሳይሆን ማስለመድ ነው። መጀመሪያ በቀን አራት ጊዜ ምግብ ማቅረብና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማንሳት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ፣ በሰባተኛው ወይ በአሥረኛው ቀን ጠዋትና ማታ ብቻ። ለየብቻ ሳህን፣ ለየብቻ ክፍል፣ በር ተዘግቶ። ሻለቃ በሳምንት ከክብደቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ በላይ እንዳይቀንስ። ልኩን በቡና ሲኒ ምልክት አደረግን። ሰዓቱ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ሆነ።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ታችኛው ፎቅ ያሉት እማማ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁብን። "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማችሁም? እናንተ ደግሞ በቀጠሮ ልታበሏት!" አሉን። እውነታቸውን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሲኦል ነበሩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሻለቃ ደረታችን ላይ ወጥቶ ይጮሃል። ሐኪማችን "ስትጮህ ተነሥታችሁ ካበላችሁት ጩኸት እንደሚያዋጣ ታስተምሩታላችሁ" ብሎን ነበር። በሦስተኛው ሌሊት አንዳችን ተነሥቶ አበላው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታመነም።

በአምስተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር አየን። የሻለቃ ሳህን ተልሶ ያበራል። የሚጢጢ ሳህን እንደተሞላ ነው። ቁጭ ብለን አየናት። ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ አንድ ፍሬ ታነሣለች፣ አንገቷን ወደ ጎን ታዘማለች፣ ትጥለዋለች። ተመልሳ ትሞክራለች፣ ትጥለዋለች። ከዚያ ጥግ ይዛ ትተኛለች። ፀጉሯን ገለጥ ስናደርገው ከሥሩ አጥንት ነው።

በማግሥቱ ክሊኒክ ወሰድናት። ድዷ እሳት መስሏል፤ አንዱ የኋላ ጥርሷ በስብሷል። "ምግብ መቀነስ ከጀመረች ስንት ጊዜዋ ነው?" ተብለን ተጠየቅን። ሦስታችንም ተያየን። እንዴት እናውቃለን? ሳህኑ ጠዋት ጠዋት ባዶ ነበር። ባዶ ሳህን አይተን ሁለቱም ጠግበዋል አልን። የእሷን ድርሻ ሲበላ የኖረው ሻለቃ ነው፤ ውፍረቱም አንድም ከዚያ ነው። ጥርሷ በማደንዘዣ ተነቀለ፣ መድኃኒት ታዘዘላት። ሁለት ሳምንት ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ዶሮ ከራሰ ደረቅ ምግብ ጋር እያሸን አበላናት። በሁዳዴ የዶሮ ሽታ ከቤታችን ሲወጣ እማማ ምን እንዳሉን አንጽፈውም።

እዚህ ላይ ልንጨርስ ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቷል።

ሁለት በር መጠበቅ ስላለበት ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁላችንም ቤት መገኘት ግድ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የእኛም እራት እንደ ድመቶቹ ነበር፤ ድስት ምድጃ ላይ ይቀመጣል፣ የመጣው ሰው ጨልፎ ይበላል፣ ጠዋት ድስቱ ባዶ ነው። አሁን ግን ድመቶቹን አብልተን አብረን መቅረብ ጀመርን። ከመካከላችን አንዱ ከዚያ በፊት "እኔ ውጭ ነው የምበላው፣ በመዋጮው አትቁጠሩኝ" ብሎን ነበር። እሺ ብለነው ነበር። ገበታ ስንቀርብም "በልቻለሁ" ይልና ውኃ ይጠጣል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን የሚጢጢን በር ጠብቆ ሲወጣ ግድግዳ ሲደገፍ አየነው።

ሚጢጢን ባናይ ኖሮ እሱንም አናይም ነበር።

አልጠየቅነውም። ጠቅልለን አጎረስነው። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ አንድ ደግሞ ያጣላል፤ ደገምነው። ሦስተኛው ላይ ማልቀስ ጀመረ። ኮንትራቱ ሳይታደስ ከቀረ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ የሚሄደው ሥራ ፍለጋ ነው። ያጠራቀማትን ለቤት ኪራይ ድርሻው እየከፈለ፣ ያላዋጣበትን ድስት መክፈት አፍሮ፣ ከድስቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ጾሙን ያድር ነበር። እኛ ደግሞ ጠዋት ባዶ ድስት እያየን ሁላችንም በልተናል እንል ነበር። የበላነው ሁለታችን ነን።

ስሙን አንጠራም። ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያረመው ግን እሱ ነው።

ይህ ከሆነ ስድስት ወር ሞላው። ሻለቃ አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ ገብቷል፤ ሶፋ ላይ ይዘላል፤ ሚዛን ያለው ልጅ ደንበኛ ስለሆንን የአንድ ሰው ብቻ ያስከፍለናል። ሚጢጢ ሰውነቷ ሞልቷል፤ ሻለቃን በጥፊ ትለዋለች። ጓደኛችን የግማሽ ቀን ሥራ አግኝቷል፤ ሙሉውን እየፈለገ ነው። መዋጮው ባለው ልክ ሆኗል። እራት ግን በልኩ አይደለም፤ እኩል ነው።

ይህን ስንጽፍ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ50 ነው። ሻለቃ ኩሽና በር ላይ ቆሞ ያየናል። አሥር ደቂቃ ይታገስ። እኛም እየጠበቅን ነው፤ አንዳችን ታክሲ ላይ ነው።