ጠጠር መንገድና የመኪና አሞርዛተር

ከወልቂጤ ተነሥተን አስፋልት ባልለበሰው በኩል ወደ ቡታጅራ ስንሻገር፥ ከመኪናችን ሆድ ሥር የሚሰማው የድንጋይ ድብደባ ጨዋታችንን ያቋርጥብናል። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ገንዘቡን አዋጥቶ መንገድ ማስጠረጉ የሚያስመሰግነው ነው፤ ጠጠሩ ግን ለመኪና አይራራም።

የፊት ጎማ የወረወረው ድንጋይ የሚያርፈው በኋለኛው አሞርዛተር ላይ ነው። ቱቦውን ጎድጎድ ቢያደርገው በውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን ይያዛል፤ የሚያብለጨልጨውን ዘንግ ቢጭረው ደግሞ ጭረቱ ፓራኦሊውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ዘይቱም ይፈስሳል። ከዚያ ወዲያ መኪናው ይነጥራል፤ ጎማው መሬት እየለቀቀ ፍሬኑም መሪውም ይሰንፋል። መኪናው አምቡላንስ፥ በውስጡም የተኛችው ምጥ የያዛት እናት እንደ ሆነች፥ ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሾፌሮች ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጠው ሲሸፍኑት አይተናል። ብልሃቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ዙሪያውን አጥብቆ መጠቅለል ጭቃ ያቁራል፥ ሙቀትም ያፍናል፤ አሞርዛተር የመንገዱን ንዝረት ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነውና አየር ይሻል። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው በድንጋዩ መምጫ በኩል ብቻ፥ ከቱቦው ጥቂት ራቅ ብሎ የሚታሰር የላሜራ ወይም የወፍራም ጎማ ጋሻ ነው። (መቼም ይህች ቁራጭ ጎማ በወጪ መዝገብ ላይ አርእስት ስለሌላት በየመሥሪያ ቤቱ ትረሳለች።) ከጉዞ በኋላም ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል፤ ጠጠር በመካከሉ ከተወሸቀ ቱቦውን የሚፍቀው ራሱ ጋሻው ይሆናል።