ያረጀው ባትሪው ነው

«ጋሼ፣ ይህቺን ስልክ አሁንም አልጣልካትም?» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ ካፌ ውስጥ፣ ጓደኞቿ ፊት። ስልኬ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀትር ላይ ትጠፋለች። እናላችሁ፣ ይሉኝታ ያዘኝና ዋጋ ልጠይቅ ወጣሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የስልክ ዋጋ አይቀመስም፤ የተጠራልኝ ገንዘብ የልጄን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ያህላል። ደንግጬ ሞባይል ሠሪው ጋ ጎራ አልኩ። ከፈተና፣ «ያረጀው ባትሪው ነው» አለኝ።

ለካስ ባትሪ ቻርጅ በተደረገ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፤ እኛ ግን በባትሪው ጥፋት ስልኩን እንጥላለን። አፕል እንኳን እ.ኤ.አ. በ2017 ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ፍጥነት እንደሚቀንስ አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋ ቀንሷል።

አስቀየርኩ። አሁን እስከ ማታ ትሠራለች። ብቻ አልዋሻችሁም፣ አምራቹ ለስልኬ የደህንነት ማሻሻያ መላክ ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ የባንኬን መተግበሪያ አጠፋሁና ወደ ወረፋዬ ተመለስኩ። ወረፋው ሲያንገፈግፈኝ፣ ያኔ እገዛለሁ። ለካፌ ጠረጴዛ ብዬ ግን የልጄን የትምህርት ቤት ገንዘብ አልነካም።