መኪናዋ «ቀጭ» ብላ ዝም ስትል

መኪና አልነሳ ሲል ሁላችንም ሐኪሞች ነን፤ ምርመራችንም አንድ ነው፦ «ባትሪ ነው!» በ2011 የጥምቀት ሰሞን ግንደወይን ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ የነገረንም ይህንኑ ነበር።

አባዬን ለዐይን ሞራ ቀዶ ጥገና ባሕር ዳር ልናደርስ ነው። ቀጠሮው ለማግስቱ ጠዋት ነበር። «ዐይኔን ስለት አላስነካም» እያለ ሁለት ዓመት ካስለመነን በኋላ እሺ ብሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላ ተቀምጧል። ባለቤቴ ቁልፉን አዞረ፤ «ቀጭ»። ደግሞ አዞረ፤ አሁንም «ቀጭ»። አባዬ «እግዜር አልፈቀደም ማለት ነው፤ በሉ ልውረድ» አለ። ዛሬ ከወረደ ሁለተኛ እንደማይሳፈር እናቴም እኔም እናውቃለን።

ጎረምሶቹ ሊገፉ ተሰልፈዋል። መኪናችን ግን አውቶማቲክ ናት፤ አውቶማቲክ ደግሞ በግፊ አትነሳም። ድሮ ከፊት በብረት እየተዞሩ የሚነሱ የጭነት መኪኖችን የሚያስታውሰው አባዬ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምኑን ሠለጠነች?» አለ።

«ባትሪ ነው» የሚለውን አልተቀበልኩም። የፊት መብራቱ ደማቅ ነው፤ ቁልፉ ሲዞርም አይፈዝም። ባትሪ ሲደክም መብራቱ ይሞታል፣ ድምፁም ብዙውን ጊዜ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ይደራረባል። የባትሪውን ማሠሪያዎች ነቀነቅኳቸው፤ ጠብቀዋል። ደንበኛ ከማስታወቂያው እስከ ግዢው ባለው መንገድ የት ላይ እንደሚቀር መፈለግ እንጀራዬ ነውና፣ ኤሌክትሪኩም የት እንደቀረ እፈልግ ጀመር። ለመንጃ ፈቃድ ስሠለጥን የተማርኩት የቴክኒክ ትምህርት ለፈተና ብቻ አልነበረም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲዞር ትንሽ ኃይል ወደ ሪሌዋ ይሄዳል። ሪሌ ከክብሪት ሳጥን የምታንስ ጥቁር ነገር ናት፤ በብዙ መኪኖች ኮፈኑ ሥር፣ ፊውዞቹ ባሉበት ሳጥን ውስጥ ትገኛለች። የቷ እንደሆነች ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ያለው ሥዕል ያሳያል። እሷ ደግሞ ሞተሪኖው ላይ የታሠረውን ሶሌኖይድ ትቀሰቅሳለች። ሶሌኖይዱ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከሞተሩ ትልቅ ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ በዚያው ቅጽበት ውስጡ ያሉትን ወፍራም መዳቦች አጋጥሞ የባትሪውን ኃይል ለሞተሪኖው ይለቃል። ይህ ኃይል ከ100 አምፔር ሊያልፍ ይችላል። በቁልፉ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ቁልፉ ተቃጥሎ ያልቅ ነበር።

ባለቤቴ ሲያዞር ጣቴን ሪሌዋ ላይ አሳረፍኩ፤ ትርገበገባለች። ዋናው «ቀጭ» ግን ከታች፣ ከሞተሪኖው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሪሌዋ መልእክቷን አድርሳለች፤ ሶሌኖይዱም ተንቀሳቅሷል። የቀረው ከእሱ ወዲያ ነው።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመው ሲሰሙኝ ነበር። «ልክ ነሽ ልጄ፣ መዳቡ ተበልቷል» አሉ። የእጅ ፍሬኑ መያዙን፣ ማርሹም «ፒ» ላይ መሆኑን አረጋግጠው ጆንያ አነጠፉና ከሥር ገቡ። ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገው ሁለት ጊዜ መቱት። «አሁን አዙረው!» ተነሳች። «ሞጣ ላይ ሻይ እንጠጣ ብላችሁ እንዳታጠፏት» ብለው ሸኙን።

ባሕር ዳር ባለሙያው ሶሌኖይዱን ሲፈታው መዳቦቹ እውነትም ተበልተው ነበር። ሁለቱን ቀየረ፤ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት አላስፈለገንም። አባዬም በቀጠሮው ደረሰ። ፋሻው በተነሳለት ቀን የእናቴን ነጠላ ጥለት አይቶ «ይሄ አረንጓዴ ነበር እንዴ?» አላት።

የእናንተ መኪና ጭራሽ ድምፅ ካላሰማች ነገሩ ሌላ ነው። አውቶማቲክ ከሆነች ፍሬኑን እንደረገጣችሁ ማርሹን «ኤን» ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ «ፒ» ላይ መሆኑን የምትነግራት ማብሪያ ተበላሽታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፊውዙን እዩ። የጡሩምባው ሪሌ በላዩ የተጻፈው ቁጥርና የእግሮቹ አቀማመጥ ከሞተሪኖው ሪሌ ጋር አንድ ከሆነ አቀያይራችሁ ሞክሩ፤ ከተነሳች ጥፋቱ ተገኘ። ሞተሪኖውን ራሱን ለመፍታት የሚነሳ ሰው ግን አስቀድሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀል። ወደ ሞተሪኖው የሚወርደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ቢሆንም ኃይል አለው።