ወደ ሥራ የሚያደርሰው መንገድ በቆጠራ መዝገብ

ዛሬ ጧት ከቤታችሁ ወደ ትምህርት ቤት የመጣችሁት በምንድን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም መልሱን በአንድ ቃል ብቻ ጻፉ ብትባሉ ብዙዎቻችሁ ትቸገራላችሁ። አንዱ ከቤቱ እስከ ዋናው መንገድ በእግሩ ይወርዳል፤ ከዚያ ታክሲ ይይዛል፤ ከታክሲው ከወረደ በኋላም በእግሩ ይቀጥላል። ታዲያ ይህ ልጅ የመጣው በእግሩ ነው ወይስ በታክሲ? ይህን የመሰለውን ጥያቄ ለሚሊዮኖች አቅርበው መልሱን በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ምልክት የሚያስደርጉ አገሮች አሉ። ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ላጫውታችሁ አስቤአለሁ።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። ቋንቋችን ለዚህ ዐይነቱ ጉዞ የራሱ ግስ አለው። «መለሰ» ከሚለው ግስ መካከለኛው ፊደል ተደግሞ «መላለሰ» ይወጣል፤ ከእርሱም «ተመላለሰ» የሚለው ይገኛል። የፊደሉ መደገም የድርጊቱን መደጋገም ያሳያል። ሠራተኛ ወደ ሥራው «ሄደ» ብቻ አይባልም፤ ይመላለሳል። ቆጠራ የሚፈልገው ይህንኑ የዘወትር ምልልስ እንጂ የአንድ ቀን ጉዞን አይደለም።

በአሜሪካ ሰዎች ወደ ሥራ የሚሄዱበት መጓጓዣ በሕዝብ ቆጠራ የተጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። እንግሊዞች የሥራውን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1921፣ መጓጓዣውን ግን በ1966 መጠየቅ ጀመሩ። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2011 ባደረገችው ቆጠራ የመንገዱን ርቀትና የመጓጓዣውን ዐይነት ጠይቃለች፤ ነገር ግን አራሾችንና የእርሻ ሠራተኞችን አልጠየቀችም። ጥያቄው ቀርቦ የነበረው ከእርሻና ከቤት ውስጥ ዕደ ጥበብ ውጪ ለሚሠሩት ብቻ ነበር።

የሚሰበሰበው መረጃ ያለ ጥቅም አይደለም። የመኖሪያውና የሥራው ቦታ ከታወቀ ከየትኛው ሰፈር ወደ የትኛው ሰፈር ስንት ሰው እንደሚሄድ ይታወቃል። አውቶቡስ የሚመደበው፣ ድልድይ የሚሠራው፣ የእግረኛ መንገድ የሚሰፋው ይህን ተመልክቶ ነው። አንዳንድ ጊዜም መዝገቡ ያልተለመደ ነገር ያሳያል። እንግሊዝና ዌልስ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሲቆጠሩ የኮሮና ወረርሽኝ ሰዉን ቤቱ አስቀምጦት ስለ ነበር፣ ከሠራተኛው 31.2 ከመቶ የሚሆነው በዋናነት ከቤቱ እንደሚሠራ ተመዘገበ። የዚያ ዓመት አኀዝ የዘወትሩን ምልልስ የሚያሳይ አይደለም፤ የጭንቅ ጊዜ መዝገብ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ እስካሁን ሦስት ጊዜ ሕዝቧን ቆጥራለች፤ ግንቦት 1 ቀን 1976፣ ጥቅምት 1 ቀን 1987 እና ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.። በሦስተኛው ቆጠራ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት ዘግይተው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዐይነት መጠይቅ ነበረ፤ አጭሩ ለአብዛኛው ቤተ ሰብ፣ ረጅሙ ደግሞ ከአምስት ቤተ ሰብ ለአንዱ። ረጅሙ መጠይቅ ስለ ሥራ ይጠይቃል። ወደ ሥራው የሚያደርሰውን መንገድ ግን አይጠይቅም።

እኔ ያን ጊዜ እንደ ብዙ መምህራን ሁሉ ቆጣሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። የደረሰኝ ሥፍራ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ ተራሮች የሚያቀናው ዳገት ነበር። ቤቶቹ የጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ መንገዱም ዝናብ ሲጥል እግር የሚይዝ ነበር። ረጅሙ መጠይቅ ከደረሳቸው ቤቶች በአንዱ አንዲት እናት አገኘሁ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ በቆጠራ የተነገረን የግል ጉዳይ ማውጣት ክልክል ነው። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ በጦርነትና በንጉሥ ዘመን እየቆጠሩ ሃምሳ ገደማ አደረስነው።

«እማማ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ሥራ ሠሩ?» አልኋቸው።

«እንጨት ነው ልጄ፤ ጫካ ነው የምውለው» አሉኝ።

ጻፍሁ። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ላነብ ስል «መንገዱንስ አትጽፈውም?» ሲሉ ጠየቁኝ። በመጠይቁ ላይ እንደሌለ ነገርኋቸው። «ሥራው እኮ መንገዱ ነው» አሉና ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

እኒህ እናት ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ከቤታቸው ይወጣሉ። ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ ሳይገባ ዳገቱን ይያያዙታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይለቅማሉ፤ ያስራሉ፤ በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ እንዳሉ ይወርዳሉ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ለከተማይቱ የማገዶ እጥረት መላ እንዲሆን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የብዙ እንጀራ ምጣድ የጋለው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ በወረደ ቅጠል ነው። ወደ ገበያ ወስደው ሸጠው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ታዘቀዝቃለች።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ውኃ ቀጂዎችና እንጨት ለቃሚዎች 9624 የሚል የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሥራው ቁጥር አገኘ ማለት ነው። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና ሸክሙ ግን በየትኛው ዓምድ ይገባሉ?

እንግዲህ የእንግሊዞችን ወይም የአሜሪካኖችን ጥያቄ ገልብጠን ብናመጣው የሚፈታ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። በሁለቱም አገሮች ከአንድ በላይ መጓጓዣ የሚጠቀም ሰው ረጅሙን ርቀት የሄደበትን አንዱን ብቻ እንዲያመለክት ይታዘዛል። ይህን ደንብ ወደ የካ አምጥተን እንሞክረው። አንድ የቀን ሠራተኛ ከዳገቱ ላይ ተነሥቶ አርባ ደቂቃ በእግሩ ወርዶ መገናኛ ይደርሳል እንበል። ከመገናኛ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ተሳፍሮ ሜክሲኮ ይወርዳል። በርቀት ባቡሩ ይበልጣል። በጊዜና በድካም ግን እግሩ ይበልጣል። መዝገቡ «ባቡር» ብሎ ይጽፈዋል፤ የአርባው ደቂቃ ቁልቁለትና የማታው ዳገት ከዚያ በኋላ የትም አይገኙም። የጫካዋ እናትማ «በእግር» ተብለው ከቢሮው ጎረቤት ከሚኖረው ጸሐፊ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጣሉ።

የሣጥኖቹ ስምም ከየአገሩ ኑሮ የተቀዳ ነው። በአሜሪካው መጠይቅ ላይ የጀልባ መሻገሪያ አለ። በእኛ ቢዘጋጅ አንበሳ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪና በቅሎ መግባት ነበረባቸው። ድሮ ቢሆን ኖሮ «ውይይት» የሚባለውም ታክሲ አይቀርም ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ከኋላ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ በአብዮቱ ዘመን የውይይት ክበብ ስም ወጣለት። ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ያስታውሱታል።

«የቤተ ሰብ የወጪ ጥናት አለ አይደለም ወይ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። አለ፤ ቤተ ሰቡ ለትራንስፖርት ያወጣውንም ብር ይመዘግባል። ነገር ግን በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚከፍለው ብር የለም። ስለዚህ በቆጠራው ያልታየው እግረኛ በወጪ ጥናቱም ላይ ባዶ ሆኖ ይገኛል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 እንዲሠራበት ያዘጋጀችው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ግን በከተማይቱ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር መሆኑን ይገልጻል። ከግማሽ በላይ የሆነው ጉዞ ነው እንግዲህ ያልተጠየቀው።

የመጠይቅ አዘጋጆችን ግን በዚህ ብቻ መውቀስ አይገባም። አንዲት ጥያቄ በተጨመረች ቍጥር በሚሊዮን ቤቶች ትባዛለች፤ የቆጣሪው ጊዜ፣ የሥልጠናው ወጪ፣ የማጠናቀሩ ሥራ ሁሉ አብሮ ያድጋል። ውኃው ከየት ይቀዳል፣ ልጁ ይማራል ወይ የሚሉ ጥያቄዎች እያሉ መንገዱ ወረፋ ቢጠብቅ አያስደንቅም።

አራተኛው ቆጠራ ገና ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየዐሥር ዓመቱ እንዲቆጠር ቢያዝም፣ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ተደጋግሞ ተራዝሞ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች እንደ ገና አስተላልፈውታል። ስለዚህ መጠይቁ ላይ ለመነጋገር ጊዜ አለ። እኔ ብጠየቅ የመጓጓዣውን ስም ብቻ የምትጠይቅ ዓምድ አልመርጥም። «ወደ ሥራዎ ሲሄዱና ሲመለሱ ስንት ደቂቃ በእግርዎ ይጓዛሉ?» የምትል አንዲት ጥያቄ፣ ከሥርዋም «ሸክም አለብዎት?» የምትል ሌላ ብትገባ እወድ ነበር። እናንተስ ከቤታችሁ እስከዚህ ክፍል ያለውን መንገድ የሚመዘግብ ጥያቄ አርቅቁ ብትባሉ እንዴት አድርጋችሁ ትጽፉታላችሁ?