የላዳዋ ቴስታታ

በ1994 ዓ.ም. ክረምት ኮተቤ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ጋራዥ ተለማማጅ ነበርኩ። በዚያ ክረምት ብዙ ዕቃ አጥቤአለሁ፤ እንደ አንዲት ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ቴስታታ ያስተማረኝ ግን የለም።

ሾፌሩ ጸበልተኞች አሳፍሮ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲወጣ ሞተሩ ፈላበት። ጥፋቱ የዳገቱ ብቻ አይደለም። ኮተቤ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው የእንጦጦ አናት ደግሞ በ90 ገደማ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል። ሾፌሩ ከምንጭ በጀሪካን እየቀዳ እየሞላ ወረደ። የላዳ ብሎክ ብረት ነው፣ ከላዩ የሚገጠመው ቴስታታ አሉሚኒየም፤ አሉሚኒየም ደግሞ ሲሞቅ የብረትን እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ ቴስታታው ይጣመማል፣ በሁለቱ መሃል ያለው ጓርኒሲዮንም ይበላል።

ቴስታታው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ አለቃችን ማንም ብሩሽ እንዲያነሳ አልፈቀዱም።

«ኑ እስቲ፣ መጀመሪያ እዩት» አሉን።

ከአራቱ የማቃጠያ ጉድጓዶች ሦስቱ በጥቀርሻ ጠቁረዋል። አንዱ ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ያብረቀርቃል። «የታመመው የቱ ነው?» ሲሉን ሁላችንም ወደ ጥቁሮቹ ጠቆምን።

«ንጹሑ ነው» አሉ።

ጓርኒሲዮኑ በተበላበት በኩል ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ፣ እንፋሎት ሆኖ ጉድጓዱን ሲያጥበው ከርሟል። በውሃ መተላለፊያዎቹ ዙሪያ የተጋገረው ነጭ ዱቄትም ኩላንት ሳያገኝ በምንጭ ውሃ ብቻ የኖረ አሉሚኒየም ዝገት ነበር። ቀድመን አጥበነው ቢሆን ይህ ሁሉ ምስክር ከማጠቢያው ጋዝ ጋር ቦይ ውስጥ ይፈስ ነበር። እስከ ዛሬ በደንብ ሳይታይ የሚታጠብ ዕቃ ሳይ ያመኛል።

ከዚያ እጥበቱ ተጀመረ። ቅባቱን በነጭ ጋዝና በቀለም ብሩሽ አነሳን። ለጥቀርሻው ካቻቢቴም ሆነ የሽቦ ብሩሽ ክልክል ነበር፤ ከባሕር ዛፍ ፍልጥ የተሳለ እንጨት ሰጡን። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ በመጋጠሚያው ገጽ ላይ የወጣ ጭረት ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ነጩን ቅርፊት በሞቀ አቼቶ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አልብሰን፣ በብዙ ውሃ አለቀለቅነው።

ስለ ኮስቲክ ሶዳ ሳልናገር አላልፍም። የጎረቤት ጋራዥ ልጅ ሥራ ለማፋጠን ፒስቶኖች ሶዳ ውስጥ ነክሮ ሲፍለቀለቁ በዓይኔ አይቻለሁ። አሉሚኒየምን ከአየር የሚጠብቀው በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ነው፤ ሶዳ መጀመሪያ እሱን ይገፋል፣ ቀጥሎ ገላውን ይበላል። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጂን ነው። ፒስቶኖቹ ሲወጡ ጠቁረው ተቦርቡረው ነበር። እናቶቻችን የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ሲፈትጉ የሚያበራውም በከፊል የዚሁ ዓይነት መብላት ነው፤ ድስት ግን የመቶኛ ሚሊሜትር ሂሳብ የለበትም።

ቴስታታው አለበት። ወፍራም መስታወት ላይ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈን፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እያስያዝን አሸነው። አለቃችን በየመሃሉ ቀጥ ያለ ማስመሪያ እያጋደሙ ከሥሩ 0.05 ሚሊሜትር የሆነች የመለኪያ ምላስ ይሞክራሉ። ምላሷ አልገባ እስክትል እጃችን አላረፈም።

ሾፌሩ መጥቶ ሲያየው ግን ፊቱ አልፈታም። የመጋጠሚያው ገጽ ቢያበራም በቴስታታው ጎን ያረጀ ቡናማ እድፍ ቀርቷል፤ ለዓመታት በሙቀት የተጋገረ ዘይት በእጥበት ሁሉ አይለቅም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ሲልቨር ቀለም ያስነኩልኝ» አለ።

«አይሆንም። ቀለም ከቀባሁት ነገ ውሃ ሲያንጠባጥብ ከየት እንደጀመረ በምን ታያለህ?»

አዲስ የራዲያተር ክዳን አስገዙት። የቴስታታውን ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቁ አጠበቁ፤ ሞተሩ ሠርቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግመው እንዲያስሩትም ለሳምንቱ ቀጠሩት።