ከዳሪሙ እስከ ጎሬ፤ ድል የተመታ መንግሥት ያረፈበት ኮረብታ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ቢጓዙ፥ በደሌን፥ የያዩን የቡና ደንና ሁሩሙን አልፈው መቱ ሲደርሱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ ቢይዙ ደግሞ ዳሪሙ ይደርሳሉ። እኔ በታሪክ መምህርነት የተመደብሁት በዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ምደባው ደስ አላሰኘኝም ነበር። ቡናው ከደጃፍ ይጀምራል፤ ቀፎው ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ዝናቡ አይሰስትም፤ ሰዉም እንግዳ አክባሪ ነው። ይሁን እንጂ ልቤ ወደ አዲስ አበባ ስለ ነበረ የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ በመሳቢያዬ አስቀምጬ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ጀርመን አስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ጀርመን በጦርነት ተሸነፈች፤ ንጉሠ ነገሥቷም ወደ ሆላንድ ሸሸ። በጥር 1919 ሕዝቡ፥ ሴቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨምረው፥ እንደራሴዎቹን መረጠ። በርሊን ግን ተኩስ ስለ በዛባት የተመረጡት ሰዎች ዋይማር በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰበሰቡ፤ በወጣትነቱ ኮርቻ ሰፊ የነበረውን ፍሪድሪክ ኤበርትንም ፕሬዚዳንት አደረጉ። ይህን ስናገር ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ በኦሮምኛ፥ «መምህር፥ መንግሥት ዋና ከተማውን ትቶ በትንሽ ከተማ ቢቀመጥ መንግሥት ይባላልን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፥ «ጎሬን አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልሁ። ያየው ጥቂት ነበር። ስለዚህ በቅዳሜው 8 ተማሪዎች ይዤ ተነሣሁ።

ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ የተሠራ፥ ጉም የማይለየው ከተማ ነው። ዛሬ የአስተዳደሩ መቀመጫ መቱ ቢሆንም፥ ቀድሞ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበር። ቡናው ከዚህ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በመርከብ እስከ ካርቱም ይሄድ ስለ ነበር፥ የውጭ አገር ነጋዴዎችና የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጠውበታል።

በ1928 ዓ.ም. ሠራዊታችን በማይጨው ድል ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ገባ። ከመንግሥቱ የተረፈው በጎሬ ተሰበሰበ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ፕሬዚዳንት፥ ከሽሬ ጦር ሜዳ ተዋግተው የተመለሱት ራስ እምሩ እንደራሴ ሆኑ። በዚያው ክረምት የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖች በወለጋ የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ሰኔ 20 ቀን በቦነያ ያረፉትን የጠላት አይሮፕላኖች ያቃጠሉ እነዚህ ናቸው። ከዚህም በላይ 10 አንቀጽ ያለው ሕግ ነበራቸው።

ልብ ይበሉ አንባቢዬ፤ የጎሬን መንግሥት ማንም አልመረጠውምና ከዋይማር ጋር አንድ ነው አልልም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ገጥሟቸዋል፤ ከሽንፈት በኋላ ወታደሩን ማን ያዛል? ሕዝቡስ ስለ ምን ብሎ ይታዘዛል?

ኤበርት መንግሥቱን ለመጠበቅ በቀድሞዎቹ ጄኔራሎች ተደገፈ። ተኩስ ይቁም ያሉት እነዚያው ጄኔራሎች ሆነው ሳለ፥ የቬርሳይን ውል የፈረሙት ሲቪሎች ከሃዲ ተባሉ። ሕገ መንግሥቱ ብዙ መብት ሰጥቶ ነበር፤ 48ኛው አንቀጽ ግን ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ትእዛዝ እንዲገዛ በር ከፈተ፤ በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። የጥቁር አንበሳ ሕግ ደግሞ ወታደሩን ከሲቪሉ አመራር በታች አደረገው፤ ገበሬና ምርኮኛ እንዳይበደልም ከለከለ። አባሉ እንዳይሰደድ፥ ከመማረክም ራሱን እንዲገድል የሚያዝዝ ብርቱ ሕግም ነበር።

ነገር ግን ወረቀት ብቻውን ጎተራ አያስከፍትም። የቆየ በደል ያስመረራቸው የወለጋ መኳንንት፥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ጭምር፥ በመንግሥታት ማኅበር ስም እንግሊዝ በሞግዚትነት እንድትይዛቸው በጎሬው ቆንስል በኩል ለመኑ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ። ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው በታኅሣሥ እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተጋዙ። ከጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 በኋላ ተገደሉ።

በጎሬ ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ተማሪዋ ቀርባ፥ «አባባ፥ ያን ጊዜ እዚህ የነበረውን መንግሥት ሰዉ ይወደው ነበር?» አለቻቸው። እሳቸውም፥ «እኔ አልተወለድሁም። አባቴ ግን ሲነግረኝ፥ ‹መንግሥት መጣ ሲሉን ጎተራችንን ደበቅን፤ ጠላት መጣ ሲሉንም ደበቅን› ይል ነበር። ልጄ፥ ሁለቱን የምንለይበትን ነገር ማን አሳየን?» አሏት። ሁላችንም ዝም አልን።

ስንመለስ፥ «ዋይማርም እንዲሁ ነበርን?» አለችኝ። በ1923 የጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ሠራተኛው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው እንደ ጠፋ ነገርኋት። ለወደቀው መንግሥት ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ከመንግሥቱ ጥቅም አላየሁም የሚል ሰው፥ መንግሥቱ ሲወሰድ ዘብ አይቆምለትም። ጥፋቱ የከተማው ማነስ እንዳልሆነም ጨመርሁላት። ጀርመኖች ዳግመኛ ከተሸነፉ በኋላ በ1949 በሌላ ትንሽ ከተማ፥ በቦን፥ አዲስ መሠረታዊ ሕግ ጻፉ። ከዋይማር ተምረው፥ ምክር ቤቱ ተተኪውን ሳይመርጥ መራሔ መንግሥቱን በድምፁ እንዳይሽር ደነገጉ። ያ ሕግ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

አንባቢዬ፥ ምናልባት እርስዎም በአንድ ትንሽ ከተማ ቢሮ ተቀምጠው ዝውውር ይጠብቁ ይሆናል። ጠዋት ከመስኮትዎ ፊት የሚቆመው ገበሬ ሕገ መንግሥቱን አላነበበ ይሆናል፤ የሚያነበው እርስዎን ነው። «ነገ ተመለስ» ባሉት ቁጥር ሽማግሌው ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ።

የእኔ ማመልከቻ ዛሬም በመሳቢያዬ አለ። ጀርባው ላይ ግን ለሚቀጥለው የጎሬ ጉዞ የተመዘገቡትን ተማሪዎች ስም ጽፌበታለሁ፤ 23 ደርሰዋል። እርስዎም ወደዚህ ቢመጡ ጃንጥላ አይርሱ፤ በጎሬ ዝናቡ ቀጠሮ የለውም።