ባዶ የቀረው ተራ ቁጥር

ቀበሌ ውስጥ የቤተሰብ ቅጽ የሚባል ወረቀት አለ። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና እየተባለ በመስመር በመስመር ይወርዳል። የምናወራችሁ ስለ አንድ ሕፃን ነው፤ ነገሩ ግን ከዚያ ወረቀት ይጀምራል። ሕፃኑ የተወለደው ቤይሩት ነው፤ ወረቀቱ ያለው ኮልፌ ነው፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ እኛ አለን።

እኅታችን ወደ ሊባኖስ የሄደችው በ2003 ዓ.ም. ነው። እኛ ታናናሾቿ ያን ጊዜ ገና ፊደል እንቆጥር ነበር። ሁለት ዓመት ማዳሟ ቤት ሠራች። ደመወዟ ሲቋረጥባት ከኮንትራት ቤት ወጣች፤ ፓስፖርቷ ግን እዚያው ቀረ። በዚያ አገር ከፋላ በሚሉት አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነውና፣ የአሠሪዋን በር ዘግታ የወጣች ቀን ኢቃማዋም አብሮ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ በሰዓት እየተቀጠረች ሰው ቤት ታጸዳ ነበር። ቢሆንም በየወሩ ገንዘብ ትልካለች። ደብተራችን፣ ዩኒፎርማችን፣ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ከዚያችው ገንዘብ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ወለደች። እኛ የሰማነው በዓመቱ ነው፤ ያውም ከእርሷ አፍ አይደለም። ከቤይሩት የተመለሰች የሠፈር ልጅ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለእድር። ስለ ልጁ አባት እዚህ አንጽፍም፤ እኅታችን እንዳንጽፍ ጠይቃናለች፤ እኛም ጠይቀናት አናውቅም። አባባ ግን ጠየቁ። «የማን ልጅ ነው?» አሉ። መልስ አላገኙም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርሷ ስትደውል ከቤት ይወጡ ነበር።

በዚያው ሰሞን የቤተሰብ ቅጹ ይታደስ ተባለ። አባባ ዓይናቸው ደክሟል፤ «ጽሕፈታችሁ ያምራል» ተብለን ወረቀቱ ለእኛ ተሰጠ። አንደኛ አባባ፣ ሁለተኛ እማዬ። በሦስተኛው ላይ የበኵር ልጃቸውን ስም ልንጽፍ ብዕሩን ስናሳርፍ «እሷን ዝለሏት» አሉ። ቆይተውም «የለችማ!» አሉ፣ እንደ ማስረዳት። እማዬ ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀና አላለችም። እኛም ዘለልናት። አምስት ሰው ሆነን ቅጹ ተፈረመ፤ ስድስተኛው ተራ ቁጥር ባዶ ቀረ። ብዕሩ እንኳ የተገዛው እርሷ በላከችው ገንዘብ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሊባኖስ ተናጋች። ከሃያ ዓመት በላይ 1 ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ሲመነዘር የኖረው ገንዘብ በወራት ውስጥ ረከሰ። አሠሪዎች በዶላር መክፈል አቃታቸው፤ አንዳንዶቹም ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው መንገድ ዳር አውርደው ጥለዋቸው ሄዱ። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ ወደቡ ላይ ተከማችቶ የኖረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። እኅታችን በሁለተኛው ቀን በኢሞ ደወለች። ከበስተኋላዋ መስታወት የሌለው መስኮት ይታያል፤ መጋረጃው ይውለበለባል። ጭኗ ላይ የሦስት ዓመት ልጅ ተቀምጧል። ፊቱን ያየነው ያን ጊዜ ነው። «መግባት እንፈልጋለን፤ ልጁ ግን ወረቀት የለውም» አለች።

ወረቀት የለውም ማለት ምን ማለት ነው? ሊባኖስ ውስጥ ልጅ ሲወለድ ሐኪሙ ወይም አዋላጇ የልደት ወረቀት ይጽፋሉ፤ ሙኽታር የሚሉት የሠፈር ሹም ያትምበታል፤ ከዚያም በአንድ ዓመት ውስጥ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ዓመቱ ካለፈ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እኅታችን የሐኪም ቤቱን ወረቀትና የሙኽታሩን ማኅተም ይዛ ነበር፤ መዝገቡ ጋ ስትደርስ ግን ኢቃማ የለኝም፣ ይይዙኛል ብላ ፈርታ ተመለሰች። አገሪቱም ብትሆን ለልጁ ዜግነት አትሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው የሊባኖስ የዜግነት ሕግ ዜግነትን የሚያወርሰው በአባት በኩል ነው፤ ሊባኖሳዊት ሴት እንኳ ከውጭ አገር ባሏ ለወለደችው ልጅ ዜግነቷን አታወርስም። ልጁ ቤይሩት ይወለድ እንጂ ቤይሩት አታውቀውም።

የእኛስ ሕግ? በዚያን ጊዜ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርንና ሕግን የምናውቀው በስሙ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ ከሕግ ተማሪዎች ጋር በሻይ ሰዓት እየተከራከርን ስናነበው ግን በዚህ ረገድ የሚያኮራ ሆኖ አገኘነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ይወለድ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6፣ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በአንቀጽ 3፣ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ይበቃል ይላሉ። እንዲያውም አዋጁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የሌላ አገር ዜጋ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ይገምታል። እንግዲህ የእኅታችን ልጅ ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ የማንንም ችሮታ አልጠበቀም።

ነገር ግን አውሮፕላን ላይ በአንቀጽ አይሳፈሩም። ልጁ ሊሴ ፓሴ የሚሉት የአንድ ጉዞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ነበር፤ ለዚያም እናቱ ኢትዮጵያዊት መሆኗን የሚያሳይ ሰነድ እንድታቀርብ ተጠየቀች። ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ ማንም ቢሆን ይጠይቃል። እርሷ እጅ ላይ ግን ምን አለ? ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ቀርቷል፤ ፎቶ ኮፒው የለም፣ ቁጥሩንም አታስታውሰው። የቀበሌ መታወቂያዋ ጊዜው ካለፈ ስንት ዓመቱ! «ምንም አይደል» አለችን፣ «ከቤተሰብ ቅጹ ላይ ማስረጃ አጽፉልኝ፤ እዚያ አለሁ።»

እዚያ አለሁ! ስልኩን ይዘን ዝም አልን። «ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርኩ ነው እንዴ?» አለች።

ቢሮክራሲን መውቀስ ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል ነው፤ ሲመቸን በግጥም፣ ሳይመቸን በሐሜት እንወቅሰዋለን። እዚህ ላይ ግን የሚወቀስ ጸሐፊ አጣን። ሕጉ «እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት ወይ?» ብሎ ብቻ ነበር የጠየቀው። «የማን ልጅ ነው?» ያልነው እኛ ነን። የእናትየዋን ስም ከመዝገብ ያስቀረነውም እኛ ነን፤ ስሟ ሲቀር የልጇም መንገድ አብሮ እንደሚቀር ማን አሰበ?

በማግሥቱ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ከእኛ ጋር ወጣች። ጸሐፊዋ ቅጹን አገላበጠችና «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም፤ አምስት ናችሁ» አለች። እማዬ «ስድስት ነን፤ ረስተን ነው» አለች። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ምንም አልተናገረችም። የቤቱ ኃላፊ ሦስት ምስክር ይዘው ይምጡ ተባልን።

ማታ ለአባባ ነገርናቸው። ራታቸውን እየበሉ ነበር፤ እጃቸውን ሰብስበው ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። እማዬ ከፍ ባለ ድምፅ ስትናገራቸው የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው። «የማን ልጅ ነው እያልክ ስትጠይቅ ኖርክ። የልጄ ልጅ ነው! እሷስ የማን ልጅ ናት? ነገ ሂድና ለቀበሌው ንገራቸው።»

አባባ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ። ሦስቱ ምስክሮች የእድር ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ያኔ ወሬውን ቤታችን ያደረሰችው ጎረቤት ናት። እጇን አንሥታ «ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የእነሱ ልጅ ናት» ብላ ፈረመች። ሠፈር እንዲህ ነው፤ በወሬ ያስወጣውን ሰው በምስክርነት ያስገባል። እኅታችን በባዶው ተራ ቁጥር ላይ ተጻፈች፤ የበኵር ልጅ ሆና ሳለ ከሁላችን በታች።

የማስረጃው ፎቶ በኢሞ፣ ዋናው በመንገደኛ እጅ ተላከ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ደወለች። «የልጁን ሙሉ ስም ሙዪ ብለውኛል። የአባት ስም የሚለው ላይ ምን ልበል?» አለች። እንደምታውቁት በእኛ አገር የሰው ስም ከራሱ ቀጥሎ አባቱ፣ ከአባቱ ቀጥሎ አያቱ ነው። ሕጉ አባት ወይም እናት ይላል፤ ስማችን ግን «ወይም» የሚባል ነገር አያውቅም። ዝም ብለን ስንተያይ አባባ ከጥግ ሆነው «የእኔን ጻፉ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ የእኅታችን ልጅ በወረቀት ወንድማችን ሆነ። በዚያን ቀን በደስታ አለቀስን። ውሎ አድሮ ስናስበው ግን ነገሩ ከነከነን። አባባ ስማቸውን መስጠታቸው ትልቅ ምሕረት ነበር፤ ይሁን እንጂ ለልጁ ዜግነቱን ያወረሰችው እናቱ ናት፤ በዚያ ሁሉ መከራ አዝላ ያወጣችው እናቱ ናት፤ ከስሙ ውስጥ ግን የለችም። በቅጹ ላይ በቁጣ ዘለልናት፤ በስሙ ላይ ደግሞ በደግነት ዘለልናት።

ጥር 2013 ዓ.ም. ቦሌ ተቀበልናቸው። እኅታችን ከስታለች፤ ሻንጣዋ አንድ ነው። ልጁ አማርኛውን ከዐረብኛ እየቀላቀለ ሲያወራ ቆየና አባባን ሲያይ «ጂዶ!» አላቸው። በቤይሩት ዐረብኛ አያቴ ማለት ነው። እናቱ ፎቷቸውን እያሳየች እንዲያ ብላ ስታስተምረው ኖራለች፤ ስልኳን አላነሣም ባሉበት ዘመን ሁሉ።

ይህን የጻፍነው ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ዘመድ ያላችሁ ጓደኞቻችን ብዙ ስለሆናችሁ ነው። ሊሴ ፓሴ ቦሌ ድረስ ያደርሳል፤ ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ግን የልደት ምስክር ወረቀት ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ በውጭ አገር ለሚወለዱም ምዝገባው በኤምባሲና በቆንስላ በኩል አለ። ስለዚህ የሐኪም ቤቱን ወረቀት እንዳትጥል፣ የአገሩን ማኅተም ሁሉ ከመነሣቷ በፊት እንድታስመታ ንገሯት። ከመጣች በኋላ የቤይሩትን ማኅተም ኮልፌ ላይ የሚመታላት የለም። የፓስፖርቷንም ኮፒ እናንተ ዘንድ አስቀምጡ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቤታችሁን ቅጽ አውጥታችሁ እዩ፤ ስሟ አለ?

በእኛ ቤት ቅጽ ላይ አሁን ሰባት ሰው አለ። ሰባተኛውን መስመር የሞላነው እኛው ነን፤ ጽሕፈታችን ዛሬም ያምራል ይሉናል። «ዝምድና» በሚለው ሥር፣ የልጁ ስም እንደሚለው ብለን «ልጅ» ልንጽፍ ስንል አባባ እጃችንን ያዙት።

«የልጄ ልጅ ብላችሁ ጻፉ» አሉ። «የእናቱም ስም ከጎኑ ይግባ።»